በፊት ለፊቱ በር የመጣው ሰው

ድካም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል፤ ሌላው አብሮ ተኝቶ አብሮ ይነሳል። የዊኒፍሬድ ሃርግሪቭስ ድካም ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ቆይቷል። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ በዚያች ዝናብ በማያጣት የላንክሻየር ከተማ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስታ የከሰል ምድጃውን ታያይዛለች። አልጋ የያዙትን አባቷን አጥባ፣ የአጃ ገንፏቸውን አብልታ፣ ለጎረቤቷ ለሚስዝ ክሌግ አደራ ትሰጥና በአውቶቡስ ወደምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። ማታ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ከመጨረሻው ጀምራ ትደግመዋለች።

ይህ አንሶ በቀን ሁለት ሰው መሆን ነበረባት። ቤት ውስጥ እንደ አባቷና እንደ እህቷ፣ በሠፈሩ አነጋገር፣ ቃሉን እየጎረደች ትናገራለች። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር ግን ምላሷን ትቀይራለች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ፈተና አልፋ የደህና ቤተሰብ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ፣ አፏን በከፈተች ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ስለዚህ የእነሱን አነጋገር ቀስ በቀስ እየሰረቀች ለመደችው። ቤት ስትመለስ ደግሞ ታላቅ እህቷ ዶሪን፣ "ተነሱ፣ እሜቴ መጡ! ወንበር ይወልወልላቸው!" እያለች ታሾፍባታለች። እዚያ የፋብሪካ ልጅ፣ እዚህ እሜቴ። ብቻዋን ስትሆን በየትኛው አፍ እንደምታስብ ራሷ ዊኒም አታውቀውም።

ይህን ምሥጢር በዕድሜዋ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለኤድመንድ ፌርክሎ። አባቷ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት አንድያ ልጅ ነበር። በሰባት ዓመቱ ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልኮ፣ አድጎ ሲመለስ የገዛ ከተማው ሰዎች ባርኔጣ እያወለቁ መንገድ ይለቁለት ጀመር። "እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?" ብሏት ነበር አንድ ቀን፣ የማያነበውን መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዋስ። ሰባት ወር ተዋደዱ። ከዚያም፣ "ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቤታችሁ መጥቼ አባትሽን አነጋግራለሁ" አላት።

ቅዳሜ ደረሰ፤ እሱ አልመጣም። ማክሰኞ ሦስት መስመር ደብዳቤ ደረሳት። "ውድ ዊኒፍሬድ፣ ነገሩ እንደማይሆን ገብቶኛል። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ።" እሷም ሦስት ቀን አልቅሳ ስታበቃ ብዕር አነሳች። "ስለ ደብዳቤህ አመሰግናለሁ። ሁላችንም ደህና ነን" ብላ ላከችለት። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ስለነበሩ የቀረው ሆድ ይፍጀው ተብሎ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመትም አለፈ።

እንግዲህ በዚያ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዊኒ ከተመለሱት መጻሕፍት ቀና ስትል፣ ጠረጴዛዋ ፊት ዝናብ የመታው ካፖርት ለብሶ ቆሞ አየችው። ጠጉሩ ሸብቷል። ትከሻው እንደ ድሮው ቀጥ ያለ አይደለም። ዐይኑ ግን ያው ነበር፤ ይቅርታ ሳይጠይቅ ምንም የማይል ዐይን።

"ይቅርታ" አለ። "ሥራ ላይ ከሆንሽ..."

"ሥራ ላይ ነኝ" አለች ዊኒ። እጇ ማኅተሙን እንደያዘ ቀርቷል። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ።"

ይህን በየትኛው አነጋገሯ እንደተናገረችው አላስተዋለችም። አስተውላ ቢሆን ኖሮ ትደነግጥ ነበር።

ገበያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ገብተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አስተናጋጇ ዘቢብ ያለው ትኩስ ዳቦ በቅቤ አመጣችላቸው፤ ማንም አልነካውም። ኤድመንድ እናቱ በነሐሴ ማረፏን፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቤታቸው መሸጡን፣ ቁልፉን አስረክቦ እሑድ እንደሚመለስ ነገራት። ደቡብ፣ ዴቨን ውስጥ፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ያስተምራል። አላገባም። እሷም ስለ አባቷ ደረት፣ ስለ ዶሪን ልጆች አወራችው። ወሬው አለቀ። ኤድመንድ ስኳር ያልገባበትን ሻይ ሲያማስል ቆየ።

"ዊኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ዝም እላለሁ" አለ። "ያን ቀን ለምን አልከፈትሽልኝም?"

"ምኑን?"

"በሩን።"

"ታሾፋለህ እንዴ? ያልመጣኸው አንተ!"

"እኔ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሼ እስከ አሥር ሰዓት ዝናብ ላይ ቆሜአለሁ። ሦስቴ አንኳኳሁ።"

"የት ነው ያንኳኳኸው?"

"በራችሁ ላይ ነዋ!"

"የትኛው በር?"

"የትኛው ማለት ምን ማለት ነው? በሩን። መንገዱ ዳር ያለውን፣ ቁጥር የተጻፈበትን።"

ዊኒ አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ሳቁ ከደረቷ እየተገፋ ወጥቶ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ አንፈራፈራት።

"ኤድመንድ፣ በእኛ ሠፈር በፊት ለፊቱ በር የሚወጣው ሙሽራና ሬሳ ነው! የቀረው ፍጡር በጓሮ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ በጓሮ፣ ቄሱ በጓሮ፣ አክስቴ ከነሻንጣዋ በጓሮ! በፊት በር የሚያንኳኳ ወይ ሻጭ ነው ወይ ሃይማኖት ሰባኪ።"

"በእኛ ቤት በጓሮ የሚመጡት ከሰል አምጪና ሥጋ አድራሽ ነበሩ" አለ ኤድመንድ ቀስ ብሎ። "አባትሽን ልጃቸውን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ያ ክብር መስሎኝ ነው፣ ዊኒ። ሌላውን አላውቅም ነበር።"

ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ሳቋም ቆመ። ያን ቅዳሜ ሰማያዊ አዲስ ሸሚዟን ለብሳ፣ የጓሮውን ግቢ ጠርጋ፣ መቀርቀሪያውን አንስታ ማድቤት ተቀምጣ ነበር። የዓሣና የኪያር ሳንድዊች ሠርታ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናዋለች። የፊቱ በር ሲንኳኳም ሰምታለች። ዶሪን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "ዝም በይ፣ ሻጭ ነው። ድምፅሽን ከሰማ አይለቀንም" ብላት ነበር። ዊኒም ትንፋሿን ውጣ ዝም አለች። ስትጠብቀው የዋለችውን እጅ ስትሰማ ተደበቀችው።

"አምላኬ" አለች። "ሰምቼሃለሁ እኮ። ሰምቼህ ነው ዝም ያልኩት።"

ኤድመንድ እጇን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው።

"እኔ የተመለስኩት ግን በዚያ ብቻ አልነበረም" አለ። "አባትሽ አይተውኛል።"

"አባዬ?"

"የሳሎኑን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። ባርኔጣዬን አነሳሁላቸው። ዐይን ለዐይን ተያየን፣ ዊኒ፤ ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ እንኳ አይሆንም። ከዚያ መጋረጃውን መለሱት። እኔም መልሴን አገኘሁ ብዬ ሄድኩ።"

ዊኒ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ አውቶቡሷ መጥቶ ቆሞ ሄደ።

"እሑድ አብረሽኝ ነይ አልልሽም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም" አለ ኤድመንድ። "ግን ነይ። ስትችዪ ነይ። አልችልም ካልሽም በደብዳቤ ሳይሆን በአፍሽ ንገሪኝ። ሌላ ሦስት መስመር የምችል አይመስለኝም።"

"ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ና" አለችው ስትነሳ። "በጓሮ።"

አባቷ ክሌም ሃርግሪቭስ ጆሯቸውን የሰጡት ለፋብሪካው ነው። የሽመና መኪኖች በሚጮሁበት አዳራሽ ሠላሳ ዓመት የቆመ ሰው በጆሮው መስማት ትቶ በዐይኑ መስማት ይጀምራል፤ የሰው ከንፈር አይቶ ይረዳል። ክሌም ደግሞ ነገር ሲከብዳቸው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ በኋላ ለማንም አይገኙም።

ዊኒ ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋቸው ወዳለበት ሳሎን ገባች። መብራቱን አብርታ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

"አባዬ። ኤድመንድ ፌርክሎ ያን ቅዳሜ መጥቶ ነበር?"

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዊኒ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ሲሰነጠቅ ይሰማታል፤ እሳቸውን አይሰማቸውም። አሥር ደቂቃ ይሁን ሃያ አላወቀችም፤ ብቻ ዐይናቸውን ሲገልጡ እሷ እዚያው ነበረች።

"አየሁት" አሉ። "የፌርክሎ ልጅ። አባቱ ሲያባርረኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ልጁ ባርኔጣ ያነሳልኛል።"

"ስለዚህ መለስከው?"

"ስለዚህ ብልሽ ይቀለኝ ነበር።" ሳል ያዛቸው፤ ዊኒ እንደ ልማዷ ልትደግፋቸው አልተነሳችም። "እናትሽ ከሞተች ስምንት ወሯ ነበር። ዶሪን የራሷ ቤት አላት። አንቺ ከሄድሽ ከእኔ ጋር ማን ይቀራል? ፈራሁ፣ ልጄ። ደግሞ ይመጣል አልኩ። የሚወድ ወንድ ደግሞ ይመጣል፣ ያኔ እከፍትለታለሁ አልኩ። አልመጣም። አንድ ሳምንት ሳልነግርሽ አለፈ። ከሳምንት በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"ሳለቅስ ታየኝ ነበር።"

"አይሽ ነበር።"

"ከራስ በላይ ነፋስ፤ አይደል አባዬ?" ድምፅዋ እየተሰበረ ሄደ፤ ቢሆንም ከንፈሯን አላሸሸችባቸውም። "ምን ብዬ እንደኖርኩ ታውቃለህ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ ነው ያላከክኩት። ከእነዚያም ከእነዚህም ያልሆንኩ፣ በተዋስኩት አፍ የምናገር፣ የምታሳፍር ሴት ስለሆንኩ ተወኝ አልኩ። ራሴን ጠላሁት። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ገንፎ ባጎረስኩህ ቁጥር ታውቅ ነበር!"

ክሌም ዐይናቸውን አልጨፈኑም። ያን አቅም ያገኙት ከየት እንደሆነ እንጃ። ዊኒ ግን መብራቱን አጥፍታ ወጣች፤ ማድቤት ገብታ ካፖርቷን እንደለበሰች የቀዘቀዘው ምድጃ ፊት ተቀመጠች። ንዴቷ የሚያሞቃት መስሏት ነበር፤ አላሞቃትም።

በዚያ ሠፈር ጥል ጩኸት የለውም። ሐሙስ ገንፎው በሰዓቱ ቀረበ፣ አንሶላው ተቀየረ፣ የሙቅ ውሃ ጎማው እግራቸው ሥር ገባ፤ ቃል የሚባል ግን አልወጣም። ዓርብ ማታ ዶሪን እንደ ልማዷ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ይዛ በጓሮ ገባች።

"ምነው ቤቱ? ሰው የሞተበት ይመስላል" አለች።

ዊኒ ነገረቻት። ዶሪን ሹካ እንደያዘች ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሻጭ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ አላወቅሽም።"

"አላወቅኩም። እግዜር ያውቃል አላወቅኩም።" ትንሽ ቆየችና ግን ያው ዶሪን ሆነች። "ታዲያ አሁን ልትሄጂ ነው? በሠላሳ ስምንት ዓመትሽ፣ እሜቴ? ከጌቶች ጋር? አባዬስ?"

"አንቺ አለሽ።"

"እኔ ባል አለኝ! ሦስት ልጆች አሉኝ!"

"እኔስ ምን አለኝ፣ ዶሪን?"

በክፉ አልነበረም ያለችው። ደክሟት ነው ያለችው፤ ስለደከማትም እውነቱ ብቻ ወጣ። ዶሪን የእህቷን እጆች አየች። የልብስ ሳሙና የሰነጣጠቃቸው፣ ከራሷ እጆች በስድስት ዓመት ያነሱ፣ በመልክ ግን የሚበልጡ እጆች ነበሩ።

"ኮምጣጤ ልጨምርልሽ?" አለች ዶሪን።

"ጨምሪልኝ።"

በሉ። ዶሪን ሳህኖቹን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ለውሃው የምትናገር ይመስል፣ "በእኔ ቤት የፊቱን ክፍል ለአባዬ እናደርገዋለን። ልጆቹ አንድ ላይ ይተኛሉ፤ አይሞቱም። ሦስት ሳምንት ስጪኝ" አለች። ዊኒ ከኋላዋ መጥታ ግንባሯን በእህቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ተነካክተው አያውቁም፤ ሁለቱም ደነገጡ፣ ሁለቱም ግን አልተላቀቁም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጓሮው ጠባብ መንገድ የሚስዝ ክሌግ ጩኸት ተሰማ። "ኧረ አንሶላዬን! ማነህ አንተ? የታጠበ ልብስ አታይም?" ከዚያ የኤድመንድ ይቅርታ ተከተለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቴ። የማድቤቱን በር ሲያንኳኳ ትከሻው ላይ የአንሶላ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

"እዚህ ማንም አያንኳኳም፤ ዝም ብለህ ግባ" አለችው ዊኒ።

ገባ፤ ቆመ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ተቃርበው ነበር የቆሙት። ዊኒ ሾርባውን እያማሰለች፣ ሳትዞር ተናገረች።

"አንተ የወደድካት ሴት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትስቅ ነበር። እኔ ደክሞኛል፣ ኤድመንድ። ከእንቅልፍ ስነሳም ደክሞኝ ነው የምነሳው። አብረኸኝ ስትኖር ያቺን ብትፈልጋትና ብታጣትስ?"

"እኔም ደክሞኛል" አለ። "አሥራ አንድ ዓመት ለአንድ ሰው ሻይ ሳፈላ ኖሬአለሁ። ሁለት የደከሙ ሰዎች አንድ ቤት ቢኖራቸው፣ ቢያንስ አንዱ ሲያፈላ ሌላው ይቀመጣል።"

"እዚያ ደግሞ በየትኛው አፌ ላወራ ነው? በመምህራን ሚስቶች ፊት..."

"ከገባሁ ጀምሮ በየትኛው እያወራሽኝ ነው?"

ዊኒ ማማሰሏን አቆመች። አሰበች። አላወቀችም። የሠፈሯም የትምህርት ቤቱም ተደባልቀው፣ ሳይጣሉ፣ እንዳሻቸው ሲወጡ ነበር። ዞር ስትል ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ኤድመንድም በዚህ ጊዜ እጁን ግማሽ መንገድ ላይ አላቆመውም። ፊቷን ያዘው፤ እሷም የፊቷን ክብደት ሁሉ በእጁ ላይ ጣለችው፤ እንደዚያ ሆና ተንፈስ ማለት ቀላል ነበር።

"ሦስት ሳምንት" አለችው። "ከዚያ እመጣለሁ።"

"ባቡር ጣቢያ እጠብቅሻለሁ።"

"ቆይ፤ መጀመሪያ አባዬን ላብላ።"

ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ ወደ ሳሎኑ ገባች። ኤድመንድ ተከትሏት በሩ መቃን ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። ክሌም መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። የፊቷን መቅላት አዩ። የሚነገራቸው ነገር እንዳለ ገባቸው፤ ዐይናቸውን ግን አልጨፈኑም።

ዊኒ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። "ልሄድ ነው፣ አባዬ። ከሦስት ሳምንት በኋላ። ዶሪን ጋ ትሆናለህ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ለሚስታቸውም ለፋብሪካውም ለማንም ብለውት የማያውቁትን ቃል አሁን ፈለጉት፤ ድምፅ አልወጣላቸውም፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ይቅር በይኝ።"

ዊኒ ከንፈራቸውን አነበበች። ልቧ ውስጥ ፈለገች፤ የፈለገችውን ያህል አላገኘችም፤ መዋሸት ደግሞ ሰልችቷታል።

"ዛሬ አልችልም" አለቻቸው፣ ቃሉ እንዳያመልጣቸው ቀስ ብላ። "ምናልባት አንድ ቀን። ዛሬ ግን አልችልም፣ አባዬ።" ማንኪያውን ሞልታ፣ እፍ ብላ አብርዳ ወደ አፋቸው አቀረበችው። "ብላ።"

ሽማግሌው እንባቸውን ሳይጠርጉ አፋቸውን ከፈቱ።